ለዲስቶኒያ የታዘዘልኝን የመዳሰስ ልምምድ ወደ እንቆቅልሽ ቀየርነው፤ እናንተስ እንዳይሰለች ምን ታደርጋላችሁ?

ጠመኔ

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፍላችሁ ከጅማ ነው። የአማርኛ መምህርት ነኝ፤ ጠመኔ ከያዝኩ 17 ዓመት ሆኖኛል። ከአራት ዓመት ወዲህ ቀኝ እጄ እስክሪብቶ ሲይዝ አይታዘዘኝም። ሁለት ቃል ሳልጨርስ አውራ ጣቴ ወደ መዳፌ ይታጠፋል፤ አመልካች ጣቴ ጥፍሩ እስኪነጣ ድረስ እስክሪብቶውን ይጫነዋል፤ አንጓዬም ይጠማዘዛል። በዚያው እጅ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ስጽፍ ግን ምንም አልሆንም። ሽንኩርት እከትፍበታለሁ፣ መርፌ ላይ ክር እሰካበታለሁ። እስክሪብቶ ሲነካ ብቻ የሌላ ሰው እጅ ይሆንብኛል። ባልደረቦቼ «ደብተር ማረም ታክቷት ነው» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ያ ቃል እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣም።

በመጨረሻ የነርቭ ሐኪም አየኝና ዲስቶኒያ መሆኑን ነገረኝ፤ ጡንቻ ያለ ፈቃድ ተኮማትሮ አካልን የሚያጠማዝዝ ሕመም ነው። ወደ ፊዚዮቴራፒ ተላክሁ። እዚያ የተሰጠኝ ልምምድ ለሰው ሲነግሩት የልጅ ጨዋታ ይመስላል፦ ጨርቅ ከረጢት ውስጥ ልዩ ልዩ ነገሮች ከትቶ፣ ዓይንን ጨፍኖ፣ እጅን አላልቶ፣ በጣት ጫፍ ብቻ መለየት። ሳንቲም፣ ቁልፍ፣ ቆርኪ፣ ሻካራና ለስላሳ ጨርቅ። ጠዋት 15 ደቂቃ፣ ማታ 15 ደቂቃ።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት እንዴት እንደሠራሁት ልንገራችሁ። እጄ ከረጢቱ ውስጥ፣ ዓይኔ ቴሌቪዥን ላይ ነበር። ጊዜው ሲሞላ ከረጢቱን ወርውሬ እነሣለሁ። ምንም ለውጥ አላየሁም፤ ልተወው ወስኜ ነበር።

አንድ ማታ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ መብራት ጠፋ። የዘጠኝ ዓመት ልጄ ከረጢቱን አንሥታ ወደ ጓዳ ሮጠች፤ ተመልሳ አጠገቤ ተቀመጠችና «እማዬ፣ እንቆቅልሽ!» አለችኝ። «ምን አውቅልሽ» አልኳት። እጄን ይዛ ከረጢቱ ውስጥ አስገባችው። አንድ ነገር ብቻ አለ። ትንሽ፣ ሞላላ፤ አንድ ጎኑ ጎበጥ ያለ፣ ሌላው ጎኑ ጠፍጣፋ፤ በጠፍጣፋው መሐል ቀጭን ስንጥቅ ይሄዳል። ቡና መሆኑን ወዲያው አወቅሁ። «የተቆላ ነው ጥሬ?» አለች። ይህን ለመመለስ ስንጥቁን በአመልካች ጣቴ ጫፍ ቀስ ብዬ ሦስት ጊዜ ሄድኩበት። ሻከር ይላል፤ ክብደቱም ከተቆላው ይበልጣል። ጥሬ! የዚያን ጊዜ ነው ልብ ያልኩት፤ እጄ ሙሉ በሙሉ ላልቶ ነበር። በሦስት ሳምንት ውስጥ እንደዚያ ልብ ብዬ የዳሰስኩት ነገር አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ሁሉ ገባበት። አማቴ በኦሮምኛ «ሂቦ» እያሉ ይጠይቁኛል። ካላወቅሁ ሀገር እሰጣለሁ። ልጄ እስካሁን ከጎንደር እስከ ሞያሌ ወስዳብኛለች፤ ጅማን እንዳልሰጣት ግን ተስማምተናል። ጀንፈል፣ አተር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ድንብላል፣ አብሽ እንለያለን። ኮረሪማን አስወጥተናል፤ ከረጢቱ ሳይከፈት ሽታው ይናገራል።

ሁለት ወር ሊሞላን ነው። ድኛለሁ አልልም። ሁለት ቃል የማይታገሰኝ እጅ አሁን ሦስት መስመር ያህል ይታገሰኛል፤ በአራተኛው ይጨብጣል። ችግሬ ሌላ ነው፦ በቤታችን ያለውን ነገር ሁሉ ጣቴ አወቀው። ከረጢቱን ገና ስነካው መልሱን እናገራለሁ፤ ልጄም እየሰለቻት ነው። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ፣ ምን አደረጋችሁ?

እጅ ለእጅ

መምህር፣ እጅ እነሣለሁ። እኔም እዚሁ ጅማ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ከቡናዋ ፍሬ ጋር ያገኙት ነገር የልምምዱ ዋና ጉዳይ ስለሆነ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ።

በአንጎላችን ውስጥ እያንዳንዱ ጣት የራሱ ማሳ አለው ማለት ይቻላል፤ ድንበሩ የተለየ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 ናንሲ ቢል፣ ማይክል መርዘኒክና ባልደረባቸው ባሳተሙት ጥናት፣ ጦጣዎች እጃቸውን በፍጥነት ደጋግመው እንዲጨብጡና እንዲከፍቱ ከተደረገ በኋላ ድንበሩ ተደበላልቆ ተገኘ። ለአንዲት ጣት ትንሽ ቦታ ብቻ መልስ ይሰጡ የነበሩ የአንጎል ሕዋሳት ለብዙ ጣቶች መልስ መስጠት ጀመሩ፤ የጦጣዎቹም እጅ እንቅስቃሴው ተበላሸ። ማሳው ድንበር ሲያጣ፣ ለአመልካች ጣት የተላከው ትእዛዝ አውራ ጣትንም ይዞ ይሄዳል። የመዳሰስ ልምምድ ድንበሩን መልሶ የማስመር ሥራ ነው። የዲስቶኒያ ምክንያት ይህ ብቻ ነው ማለቴ አይደለም፤ በዘር የሚመጣም፣ ከአንጎል ጉዳት በኋላ የሚመጣም አለ።

አሁን ወደ ቴሌቪዥኑ እንምጣ። መርዘኒክና ባልደረቦቹ በሌላ ሥራቸው ጦጣዎች በጣታቸው ላይ የሚመጣ ንዝረትን እንዲለዩ አሠልጥነው ነበር። ልብ ብለው የለዩት ጦጣዎች የአንጎል ካርታቸው ተለወጠ። ሌሎቹ ያንኑ ንዝረት በጣታቸው እየተቀበሉ ትኩረታቸው ግን ድምፅ ላይ እንዲሆን ተደርጎ ነበር፤ በእነርሱ ላይ እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ አልታየም። ጣቱ ያው፣ ንዝረቱ ያው፣ የተለየው ልቡና ነው። ስለዚህ ጨዋታው መራራ መድኃኒት ላይ የተነሰነሰ ስኳር አይደለም፤ ልቡናን የሚያመጣው እርሱ ስለሆነ መድኃኒቱ ውስጥ ያለ ነገር ነው። ለታካሚዎቼ ይህን ደጋግሜ እናገራለሁ፤ ሥራ በዛ ብሎ አንድ ወረቀት ሰጥቼ የሸኘኋቸውም አሉ፤ እነርሱ ብዙዎቹ አልተመለሱም፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ስለ መሰልቸቱ፦ የነገሩን ዓይነት ከመጨመር ልዩነቱን ማጥበብ ይሻላል። ቡናን ከባቄላ መለየት ቀልሎዎታል፤ እንግዲያው ምስርን ከድንብላል፣ ጥቁር አዝሙድን ከነጭ አዝሙድ ያድርጉት። አንድ የወረቀት ማያያዣ ሽቦ ዘርግተው ሁለቱን ጫፎች ያቀራርቡና ልጅዎ ጣትዎን ቀስ ብላ ትንካ፤ «አንድ ነው ሁለት?» ትበል። ጤነኛ የጣት ጫፍ ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር ድረስ የተቀራረቡ ነጥቦችን ይለያል። በየሳምንቱ ስንት ሚሊሜትር ላይ እንደደረሱ ግድግዳ ላይ ብትመዘግብ ውጤቷን የምትጠብቀው እርሷ ትሆናለች።

አንድ ነገር አደራ፦ ጣትዎ መጨበጥ ሲጀምር ዙሩ በዚያው ያብቃ፤ ማሸነፍ ቢቀርዎትም ያብቃ። በጨበጠ እጅ የሚደረግ ልምምድ መጨበጥን ነው የሚያስተምረው።

የቆጪ ልጅ

ይቅርታ፣ የደስታውን ጨዋታ ማቋረጥ አልፈልግም፤ ግን ዝም ብል ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። ሰው ይህን አንብቦ አንገቱ የተጠማዘዘ ልጁን ምስር ሲያስለቅም እንዳይውል እፈራለሁ።

እኅቴ ከሁለት ዓመት በፊት ትውከት በዝቶባት ማስታገሻ መርፌ ተወግታ ነበር። በዚያው ቀን ማታ አንገቷ ወደ ኋላ ተቆለመመ፣ መንጋጋዋ ተላቀቀ፣ ዓይኖቿ ወደ ላይ ተሰቀሉ። ጎረቤት ተሰብስቦ «ልክፍት ነው» አለ። ሌሊቱን ሙሉ ስናለቅስ አደርን። ጠዋት ሌላ ቦታ ስንወስዳት ሐኪሙ ገና ሲያያት «ምን መድኃኒት ወሰደች?» አለ። አንድ መርፌ ወጋት፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንገቷ ተመለሰ። ስሙ እርሱም ዲስቶኒያ ነው። በእርሷ ላይ ከረጢትና ቡና ምን ያደርግ ነበር? መጀመሪያ ምክንያቱ ይታወቅ።

እጅ ለእጅ

ወንድሜ፣ የጻፍከው እውነት ነው፤ በመጻፍህም አመሰግንሃለሁ። እንደ ሜቶክሎፕራማይድ (የትውከት ማስታገሻ) እና ሃሎፔሪዶል (የአእምሮ ሕመም መድኃኒት) ያሉ መድኃኒቶች እኅትህ ላይ የደረሰውን ሊያመጡ ይችላሉ፤ ያ የድንገተኛ ክፍል ጉዳይ ነው፤ ለአንድ ሰዓትም ቤት አያቆይም። በልጅነት የሚጀምር፣ ጠዋት ቀለል ብሎ ማታ የሚብስ፣ ሌቮዶፓ በሚባለው የፓርኪንሰን መድኃኒት በአነስተኛ መጠን እጅግ የሚሻለው ዓይነትም አለ። እንዲህ ያለውን ልጅ ዓመት ሙሉ በልምምድ ማቆየት በደል ነው። የመዳሰስ ልምምድ የሚመጣው ሐኪም አይቶ ምክንያቱን ከለየ በኋላ ነው። ጡንቻን ለማላላት በጡንቻ ውስጥ የሚወጋ ቦቱሊነም ቶክሲን የታዘዘለት ሰው ደግሞ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ይችላል፤ የመርፌው ኃይል ብዙውን ጊዜ ሦስት ወር አካባቢ ይቆያል፤ በዚያ ጊዜ እጅ ላላ ስለሚል ለመማር ይመቻል።

ባለ ስድስት አውታር

መምህርት፣ የእርስዎ እስክሪብቶ የእኔ ክራር ነው።

በክራር ቀኝ እጅ ሲገርፍ የግራ እጅ ጣቶች የማይፈለጉትን አውታሮች ያፍናሉ፤ የሚፈለገው ብቻ እንዲጮኽ አንዱ ጣት ይነሣል። እኔ የግራ ቀለበት ጣቴን አንሣ ስለው ትንሿን ይዞ ወደ መዳፌ ይገባል። ለዓመታት በቀን አምስትና ስድስት ሰዓት ስለማመድ ኖሬያለሁ። ጣቴ ሲያስቸግረኝ የበለጠ ተለማመድኩ፤ ይህ የባሰ አጠፋኝ። ሠርግ ላይ በትዝታ ቅኝት ጀምሬ መሐል ላይ እጄን ከአውታሩ ያወረድኩበትን ቀን አልረሳውም።

አሜሪካዊው ፒያኖ ተጫዋች ሊዮን ፍላይሸር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ አጋማሽ ቀኝ እጁን በዚሁ በሽታ አጥቶ ለ30 ዓመታት ያህል በግራ እጅ ብቻ ሲጫወት፣ ሲያስተምርና ኦርኬስትራ ሲመራ ኖሯል። በ1990ዎቹ ቦቱሊነም ቶክሲንና የሰውነት ማሸት ሕክምና አግኝቶ ወደ ሁለት እጅ ተመለሰ። ይህን ያነበብኩ ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጨዋታና ደስታ መድኃኒቱ ውስጥ ናቸው በተባለው ላይ ግን የምጨምረው አለ። ለእኔ ደስታ ማለት ክራር ነው፤ ክራሩን ስይዝ ደግሞ እጄ ይጨብጣል። ስለዚህ ባለሙያዬ ለሁለት ወር ክራሩን ከቤት አስወጣችው፤ ወንድሜ ቤት አደረ። በምትኩ አንድ ጣውላ ላይ የተለያየ ውፍረት ያላቸው ስድስት አውታሮች ወጥሬ ዓይኔን ጨፍኜ የትኛው የትኛው እንደሆነ በጣት ጫፍ እለይ ነበር። ድምፅ ማውጣት ክልክል ነው። ድምፅ ከወጣ ጣቴ ሙዚቃ መሆኑን ያውቅና ይታጠፋል። ጓደኛዬ ከጎኔ ተቀምጦ አንዱን አውታር ጫፉ ላይ ሲነዝረው፣ እኔ ንዝረቱ በየትኛው እንደመጣ እናገራለሁ። ስድስቱንም ያለ ስህተት የለየሁ ቀን ከሠርግ ጭብጨባ የበለጠ ደስ አለኝ።

ክራሩ የተመለሰው ቀስ በቀስ ነው። በመጀመሪያ ጭኔ ላይ አስቀምጬ እንጨቱን ብቻ መዳሰስ፤ ቀጥሎ አንድ አውታር፣ አንድ ጣት። ጀርመን አገር ቪክቶር ካንዲያና ባልደረቦቹ በ1999 ባሳተሙት ሥራ የፒያኖና የጊታር ተጫዋቾችን አንድ ወይም ከዚያ በላይ ጤነኛ ጣት በማሰሪያ አስረው የታመመው ጣት ከቀሩት ጋር እየተቀናጀ እንዲሠራ አድርገዋል። እኔም ያን የመሰለ ነገር በባለሙያ እየተመራሁ እያደረግሁ ነው። ዛሬ አንድ ቀላል ዜማ በዝግታ እጫወታለሁ። ለሠርግ አልደረስኩም።

ነጠላዬ

ልጆቼ፣ እኔ 58 ዓመቴ ነው፤ የእኔ የአንገት ነው። አንገቴ ወደ ግራ ይዞራል። ጠበል ተጠምቄያለሁ፤ ዛሬም እጠመቃለሁ፤ ሐኪም ዘንድም እሄዳለሁ፤ አንዱ ሌላውን አልከለከለኝም።

ለብዙ ዓመት ሰው ያላወቀልኝ አንድ ምሥጢር ነበረኝ። የነጠላዬን ጥለት ወደ አገጬ አስጠግቼ ቀኝ ጉንጬን በአንድ ጣት ነካ ሳደርግ አንገቴ ይመለሳል። ሳልጫን፣ ሳልገፋ፣ ነካ ብቻ። ቤተ ክርስቲያን ስቆም እንዲህ አድርጌ ነው የምቆመው፤ ሰው ተመስጦ ይመስለዋል። ለነርቭ ሐኪሙ ስነግረው «ይህ የበሽታው መታወቂያ ነው፤ ብዙዎች የራሳቸው ንክኪ አላቸው» አለኝ። እኔስ ብቻዬን ያለሁ መስሎኝ ነበር።

ለልምምድ የተሰጠኝን ልንገራችሁ። የልጅ ልጆቼ ጀርባዬና አንገቴ ሥር በጣታቸው ፊደል ይጽፉብኛል፤ እኔ ፊደሉን እናገራለሁ። «ሀ» ነው «ሐ»? «ጸ» ነው «ፀ»? ታናሽየው ገና ፊደል እየቆጠረ ነው፤ እርሱ ሲማር እኔ እታከማለሁ። ሌላው ደግሞ መብራት ሲጠፋ የምንሠራው ነው። ትንሽ የእጅ ባትሪ በነጠላ ግንባሬ ላይ ያስሩልኛል። ግድግዳው ላይ ልጆቹ በከሰል መስመር አስምረዋል፤ ብርሃኑን በመስመሩ ላይ አንገቴን በዝግታ እያዞርኩ አስኬዳለሁ። ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ መሐል ላይ ነኝ ባልኩበት አቆማለሁ፤ ስገልጥ ብርሃኑ የት እንዳረፈ እናያለን። መጀመሪያ ላይ መሐል ያልኩት መስኮቱ ጋ ነበር የሚያርፈው! አሁን ከመሐሉ አንድ ስንዝር ያህል ነው የምርቀው። ልጆቹ ሲስቁ እኔም እስቃለሁ፤ ስስቅ ግን አንገቴ ይንቀጠቀጣል፤ ያን ጊዜ ባትሪውን አውልቀን ቡና እናፈላለን።

የልጁ እናት

የሁላችሁንም እያነበብኩ አለቀስኩ። ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው። ሲወለድ ቢጫነቱ በጊዜ አልታየለትም፤ ከዚያ ወዲህ ሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) አለበት፤ እጆቹና እግሮቹ በዲስቶኒያ ይጠማዘዛሉ። አእምሮው ብሩህ ነው፤ ሁሉን ይረዳል።

ችግሬ የእናንተ ተቃራኒ ነው። እንዲደሰት ብዬ ያላደረግሁት የለም፤ ጤፍ በሳህን፣ ሊጥ፣ አሸዋ፣ ጥጥ። ጤፍ ሲነካው ይጮኻል። ሊጥ ይወዳል፤ ግን በጣም ሲደሰት ሰውነቱ በሙሉ ይወጠራል፤ ክንዱ ወደ ኋላ ይቆለፋል። ጨዋታው ባማረ ቁጥር የባሰ ይሆንበታል። በዚያ ላይ አንድ ቀን «ይሄ ጨዋታ አይደለም፣ ሕክምና ነው» አለኝ። ከዚያ በኋላ የማቀርብለትን ሁሉ እየጠረጠረ ፊቱን ያዞራል። ምን ላድርግ?

እጅ ለእጅ

እናቴ፣ ልጅዎ እውነቱን ነው የነገረዎት፤ ደብቀን ያቀረብነውን ሕክምና ልጆች ያውቁታል። ከዚህ በኋላ አይደብቁት። «ይህ ለእጅህ ነው፤ የትኛውን እንሞክር?» ብለው ምርጫውን ለእርሱ ይስጡት።

ጤፉን ለጊዜው ይተዉት። ደቃቅ ነገር የሚረብሻቸው ልጆች ብዙ ናቸው፤ በግድ ማስነካት ፍርሃትን ብቻ ይጨምራል። ብዙ ጊዜ ረጋ ብሎ በመዳፍ ሙሉ የሚደረግ ንክኪ ከጣት ጫፍ ይቀላቸዋል።

ስለ መወጠሩ፦ ደስታና ግርግር የተለያዩ ናቸው። በእንዲህ ያለ ዲስቶኒያ ጩኸት፣ ጭብጨባ፣ ውድድርና ችኮላ ሰውነትን ይወጥራሉ፤ ፍርሃትም እንዲሁ። ስለዚህ የሚፈለገው ጸጥ ያለ ደስታ ነው፤ ተረት እንደመስማት ያለ። በደንብ ተደግፎ ይቀመጥ፣ እግሩ መሬት ወይም ዱካ ላይ ይረፍ፣ ድምፅዎ ዝቅ ይበል፣ መልስ ሲሰጥ አያጨብጭቡ።

አንድ የሞከርኩት ነገር አለ። ጠያቂው እርሱ ይሁን። ሊጡ ውስጥ አንድ ነገር ደብቆ እርስዎ ዓይንዎን ጨፍነው ይፈልጉ። ሲደብቅ፣ ሲጫን፣ «እዚህ አለ ወይስ ወጣ?» ብሎ ሲያጣራ እጁ ሥራውን ይሠራል፤ ተፈታኙ ግን እርስዎ ነዎት። ከዚህ በፊት አንድ ልጅ እናቱን ሲያሸንፍ ያየሁት ዓይነት ኩራት በሕክምና ክፍል ውስጥ ብዙ አይታይም።

የልጁ እናት

ማታ ሞከርነው። ቁልፌን ደበቀብኝ። ሆን ብዬ አልዘገየሁም፤ እውነትም ጠፍቶኝ ነበር፤ እጁ ውስጥ ይዞት ነበር! መያዙን ሳያስታውቅ ይዞ ቆየ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ባለ መቀስ

መርካቶ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ አጭር ልጻፍ፣ ደንበኛ ቆሟል። መቀስ ሲይዝ አውራ ጣቴ ይቆለፋል። እኔ 15 ደቂቃ ተቀምጬ የምለማመድበት ጊዜ የለኝም፤ የቀን ገቢዬ ነው። ስለዚህ ልምምዱን ሥራዬ ውስጥ አስገባሁት። ጨርቅ ሲመጣልኝ ሳላይ በጣቴ ጥጥ ነው፣ ፖሊስተር ነው፣ ቅይጥ ነው እላለሁ፤ ከዚያ አያለሁ። ደንበኞቼ ይህን ያውቃሉ፤ ጨርቁን ከጀርባቸው ይዘው «እስቲ ገምት» ይሉኛል። መቀሱንም እጀታው ላይ ወፍራም ጨርቅ ጠቅልዬበታለሁ፤ ሲወፍርና ሲለሰልስ ጣቴ ያንኑ መቀስ አይመስለውም። ቀን ሙሉ ባይሆንም እስከ ምሳ ድረስ እቆርጥበታለሁ።

ነጥብ በነጥብ

ሰላም ወገኖቼ። እኔ ዓይነ ስውር ነኝ፤ ብሬል፣ ማለትም በጣት የሚነበበውን የዓይነ ስውራን ጽሑፍ፣ አስተምራለሁ፤ ይህን ውይይት በድምፅ አንባቢ ነው የሰማሁት።

እኅቴ መምህርት፣ ጣትሽ የቤቱን ነገር ሁሉ አወቀው አልሽ። እንግዲህ የማያልቅ ነገር ልስጥሽ፦ ፊደል። ባለሙያው ወንድማችን ሳይጠቅሰው መቅረቱ ገርሞኛል፤ ለዚሁ ለእጅ ዲስቶኒያ ብሬል የተሞከረበት ጥናት አለ።

እጅ ለእጅ

አለ፤ መጥቀስ ነበረብኝ። ኪርስተን ዞይነር፣ ማርክ ሃሌትና ባልደረቦቻቸው አሜሪካ ውስጥ አሥር ታካሚዎችን ለስምንት ሳምንት፣ በቀን ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ብሬል እንዲለማመዱ አድርገው በ2002 አሳትመዋል። የጣታቸው የመለየት አቅም ተሻሻለ፤ የዲስቶኒያቸውም መጠን ቀነሰ። አሥር ሰው ጥቂት ነው፤ ሁሉም ሰው ይሻለዋል ብዬ ቃል አልገባም። እስካሁን ያልጠቀስኩት እዚህ ከተማ ማን ያስተምራቸዋል ብዬ ነበር።

ነጥብ በነጥብ

እነሆኝ።

ለማያውቁት ላስረዳ። ብሬል በአንድ ሳጥን ውስጥ ስድስት ነጥቦች ናቸው፤ በሁለት ረድፍ ሦስት ሦስት። በነጥቦቹ መካከል ያለው ርቀት 2.5 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ከፍታቸው ግማሽ ሚሊሜትር ያህል። በአማርኛ ብሬል ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ ስለሚጻፉ፣ ማየት የሚችል ሰው በአንድ ፊደል የሚያየውን እኛ ብዙውን ጊዜ በሁለት ሳጥን እናነበዋለን። ለአማርኛ መምህርት ይህ ብቻውን እንቆቅልሽ ነው፤ «ሙ» ሲሰነጠቅ ምን ይሆናል ብለሽ ራስሽን ትጠይቂያለሽ።

ማየት የሚችሉ ሰዎች ብሬል ሲጀምሩ ሁሉም አንድ ስህተት ይሠራሉ፤ ይጫናሉ። ሲጫኑ ነጥቡ ይጠፋል። ጣት ላይ ያለው ቆዳ ጠፍጣፋ ሆኖ ስድስቱ ነጥብ አንድ እብጠት ይመስላል። የሚነበበው ጣት ሲንሳፈፍ ነው፤ የዝንብ ክብደት ያህል፤ ከግራ ወደ ቀኝ ሳይቆም እየሄደ። ለተማሪዎቼ «ወረቀቱ የተኛ ሕፃን ፊት ነው፤ እንዳታነቁት» እላቸዋለሁ። አንቺ ደግሞ ጣቴ ሳላዘው ይጫናል ብለሻል። ብሬል ለሚጫን ጣት ምንም አይናገርም፤ ሲላላ ብቻ ይናገራል። እኔ ስለ አንጎል አላውቅም፤ ስለ ጣት ግን ይህን አውቃለሁ።

ለልጅሽም ሥራ አለ። የብሬል መጻፊያ ሰሌዳውና ወረቀቱ ካለ እርሷ ስቲለስ በሚባለው ሹል መውጊያ ትወጋለች፤ አንቺ ታነቢያለሽ። ከኋላ ወደ ፊት ገልብጣ ስለምትጽፍ እርሷም ትፈተናለች። ከማውቃቸው ልጆች ይህን የጠላ የለም፤ ምሥጢር መጻፍ ነውና።

ጠመኔ

የሁላችሁንም አነበብኩ፤ ለአማቴም አነበብኩላቸው። እትዬ ነጠላዬ፣ የጀርባውን ፊደል ዛሬ ማታ እንጀምራለን፤ እኔ የማስተምረውን ፊደል ልጄ ጀርባዬ ላይ እየጻፈች ልትፈትነኝ ነው። የቆጪው ወንድሜ፣ ስለ እኅትህ የጻፍከውን ለትምህርት ቤታችን መምህራን አሳይቻቸዋለሁ።

ትናንት አንድ ነገር ሆነ። የማያያዣውን ሽቦ ይዘን ልጄ «አንድ ነው ሁለት?» ስትለኝ፣ በግራ እጄ 3 ሚሊሜትር ላይ ለየሁ፤ በቀኝ እጄ ግን 5 ላይም እሳሳታለሁ። ለካ እስክሪብቶ ከመያዜ በፊትም እጄ አይለይም ኖሯል። ለአራት ዓመት ስንፍናዬ ነው ሲሉኝ እኔም በልቤ አምኜ ነበር። ልጄ ቁጥሩን ግድግዳው ላይ ጽፋ ከሥሩ ቀን አኖረችበት።

መምህር ነጥብ በነጥብ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይመችዎታል? ልጄም ትመጣለች። ወረቀቱን እኛ እንይዛለን።

ነጥብ በነጥብ

ይመቸኛል። ወፍራም ወረቀት ይሁን፤ የደብተሩ ይቀደዳል። ባለ ስድስት አውታርም ከፈለገ ይምጣ፤ ክራሩን ግን ወንድሙ ዘንድ ይተወው።

ባለ ስድስት አውታር

እመጣለሁ። ጣውላዬን ይዤ።